ያለፈን መከራ ስለ መርሳት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ እጅግ የተለመደ ነው። ሽማግሌ ሲያስታርቅ፥ ተበዳይ ሲከስ፥ አባት ልጁን ሲመክር ይህ ቃል ይነሣል። ምሳሌውም በፍርድ አደባባይ እውነት ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ዱላውን ያነሣ ሰው ክንዱ ሲያርፍ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ዱላው ያረፈበት ግን ቍስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳሩ ግን የሰውን ኑሮ በረጅሙ ለሚመለከት ምሳሌው ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያደርስ ሆኖ ይገኛል። የተወጋውም ይረሳልና። የሚረሳውም ነገሩን አይደለም፤ ሕመሙን ነው። ቀኑን፥ ቦታውን፥ የወጋውን ሰው ስም አጥርቶ ያስታውሳል፤ ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ሲናገረው ድምፁ አይንቀጠቀጥም። አንዳንድ ጊዜም እየሣቀ ይተርከዋል፤ ልጆቹም ተረት እንደሚሰሙ ሆነው ያዳምጡታል።

ይህ መለዘብ ከምን ይመጣል? ደግሞስ የማን ነው? በመጀመሪያው ጥያቄ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል። ይልቁንም ሰውን ከሰው የሚያጣላው ሁለተኛው ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመት በፊት በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፍ በዐሥረኛው ክፍል በዚህ ነገር ተደንቆ ነበር። ያለፈውን ኀዘኑን ሳያዝን፥ ያለፈውንም ፍርሀቱን ሳይፈራ ማስታወስ እንደሚችል አስተዋለ፤ ትዝታንም በሆድ መሰለው፤ ጣፋጩም መራራውም ምግብ ወደ ሆድ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ጣዕሙ አይታወቅም። በኋላ ዘመን የተነሡ የአእምሮ መርማሪዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ሰዎች በየዕለቱ የሚያጋጥማቸውን እንዲጽፉ አድርገው ከወራትና ከዓመታት በኋላ ቢጠይቋቸው፥ የክፉው ነገር ስሜት ከደጉ ነገር ስሜት ይልቅ ፈጥኖ እንደሚደበዝዝ አገኙ። ሬደልማየርና ካነማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ባወጡት ጥናት፥ የሚያሳምም ምርመራ የተደረገላቸው በሽተኞች ሕመሙን ሲያስታውሱ ርዝመቱን እንዳልቈጠሩት፥ የቈጠሩት እጅግ የከፋበትን ደቂቃና የመጨረሻውን ደቂቃ ብቻ እንደ ሆነ አሳዩ። እንግዲህ መከራ የሚታሰበው በአፈጻጸሙ ነው። ከስደት በድል የተመለሰ ሰው ስደቱን አጣፍጦ ያወራል፤ ከስደት ተመልሶ ቤቱን ያላገኘ ሰው ግን ያንኑ መንገድ በሌላ ቃል ይናገረዋል።

እነዚህ መርማሪዎች ካገኙት ውስጥ እጅግ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ክፉው ትዝታ ለሌላ ሰው ሲነገር ይበልጥ ይለዝባል፤ ልቡ በኀዘን በተጫነ ሰው ዘንድ ደግሞ መለዘቡ ያንሳል። ይህን የኢትዮጵያ እናቶች ሳይማሩት ያውቁታል። ልቅሶ ቤት ሰባት ቀን የሚቀመጡት፥ ጎረቤትም ቡና አፍልቶ «እንዴት ሆኖ ነበር?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ጊዜ ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ሰሚ ያለበት ጊዜ ነው።

ይህን በአየር ላይ ከመናገር በአንድ አገር ላይ ማየት ይሻላል። ለዚህም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፥ ከቆቃ እስከ አዳማ ያለው የስምጥ ሸለቆ ምድር የሚስማማ ነው፤ በዚያ የአንዱ ዘመን መከራ በሌላው ዘመን ልማት ላይ ተደርቦ ይገኛልና። አዳማ ራስዋ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡር ሐዲድ ዳር ያደገች ከተማ ናት። ስምዋን ብዙዎች ከቁልቋል የኦሮምኛ ስም ጋር ያያይዙታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቀድሞ ስምዋ ተመለሰላት። ዛሬ አንድ ሽማግሌ «ናዝሬት» ሲል የልጅነቱን የባቡር ፊሽካና የብርቱካን ቅርጫት ማለቱ ነው፤ ክፋት የለበትም። ይኸው ስም ለሌላው ሽማግሌ የአባቶቹ አገር ያለ ፈቃዳቸው ስሙ የተለወጠበትን ዘመን ያስታውሰዋል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የአንደኛው ትዝታ መጣፈጥ የሁለተኛውን መምረር ሐሰት አያደርገውም፤ ነገሩም የሚከፋው አንዱ ሌላውን «አንተ ለምን አልጣፈጠህም?» ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው።

ከሞጆ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ሲወርዱ የቆቃ ሐይቅ ይታያል። መንገደኛ ከመኪናው ወርዶ የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ ይበላል፤ ልጆችም የጠዋቱን ዓሣ በገመድ ሰክተው ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። ሐይቁ ግን የተፈጥሮ አይደለም። አዋሽ በግድብ ታግዶ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ግድቡም የተሠራው ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው።

የካሳውን ሒሳብ ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ዝርዝር፥ በወረራውና በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን የሞተው ሕዝብ 760,300 መሆኑን አስታወቀ። ከዚህም ውስጥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጨፈጨፈው ሕዝብ 30,000 ተብሎ ተቈጥሯል። የተቃጠሉትና የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት 2,000፥ ቤቶች 525,000 ተብለው ተጻፉ፤ የከብቱም፥ የበጉም፥ የግመሉም ቍጥር በሚሊዮንና በመቶ ሺህ ተዘረዘረ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ለዚህ ሁሉ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወሰነ። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስለ አከፋፈሉ ተስማሙና ቆቃ ተሠራ፤ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነው። አዲስ አበባና አዳማ በዚሁ ብርሃን አበሩ፤ የፋብሪካ መዘውርም ዞረበት።

በአንድ በኩል ሲታይ ከዚህ የተሻለ የጠላትነት አፈጻጸም ምን አለ? ቦምብ የጣለ መንግሥት መብራት ሠርቶ ሰጠ፤ ደም በደም ሳይመለስ በብርሃን ተመለሰ። የዛሬው ወጣት በቆቃ ዳር ዓሣ እየበላ ስለ መርዝ ጢስ ባያስብ ማን ይወቅሰዋል? አያቶቹ የተዋጉት የልጅ ልጃቸው በሰላም እንዲበላ አይደለምን?

በሌላ በኩል ግን የካሳው ገንዘብና የሐዘንተኛው ቤት አልተገናኙም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑት መነኮሳት እናቶችና እኅቶች ከቆቃ የመጣ አምፖል አልበራላቸውም። አንድ የጎንደር ወይም የሸዋ ባላገር ወንድሙን የሰጠበት ዋጋ ለማያውቀው ከተማ መብራት ሆነ። መንግሥት ስለ ሕዝቡ ተቀበለ፤ መንግሥት ስለ ሕዝቡም ታረቀ። ይህ በመንግሥታት ሥርዓት ያለ ነገር ነው፤ ሌላ መንገድም ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ሒሳብ መዝጋትና ልብ ማረፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ፊተኛው በፊርማ ይሆናል፤ ኋለኛው በፊርማ አይሆንም።

ከዚህም በላይ ከውሃው በታች ሌላ ትዝታ አለ። ዛሬ ሐይቅ የሆነው ሜዳ የግጦሽ መሬት ነበር። ከጂሌ ኦሮሞ ጀምሮ በአዋሽ ዳር ከብት ያረቡ የነበሩ ሰዎች በ1940ዎቹ ዓ.ም. አንድ ጊዜ ለሸንኮራ አገዳ፥ አንድ ጊዜ ለግድቡ ውሃ ሲባል መሬታቸውን ለቀቁ። እንዲህ ሆኖ የአንዱ መከራ ካሳ ለሌላው አዲስ መከራ ሆነ። የተመረቀው ግድብ በጋዜጣ ሁሉ ተጻፈ፤ የተነሣው መንደር ግን በአያት አፍ ብቻ ቀረ። አያት ሲሞት ደግሞ አፉም አብሮ ይዘጋል። ጊዜ አለዘበው የሚባለው ስንቱ ትዝታ በእርግጥ የለዘበ ነው? ስንቱስ ሰሚ አጥቶ የሞተ ነው? ከውጭ ለሚመለከት ሁለቱ ዝምታዎች አንድ ይመስላሉ።

ከቆቃ በታች ወንጂ አለ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ሁለተኛውን ፋብሪካ በ1954 ዓ.ም. ጨመረ፤ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ለአገዳ ቆረጣ ከከምባታ፥ ከሀድያና ከወላይታ ብዙ ሕዝብ ወረደ። አገዳው ከመቈረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ቆራጩም በጥቀርሻ ጠቍሮ፥ በቈላ ፀሐይ ታጥቦ ይውል ነበር። ወባም ነበረ። የዚያ ዘመን ሠራተኞች ግን አርጅተው ስለ ወንጂ ሲያወሩ የሚያነሡት ይህን አይደለም። የካምፑን ጥላ፥ የፋብሪካውን ጡሩምባ፥ በየቤቱ ይታደል የነበረውን ስኳር፥ የኳስ ሜዳውን ጩኸት ያነሣሉ። «ያ ዘመን ደግ ነበር» ይላሉ። የሚሉትም ከልባቸው ነው፤ ወጣት ነበሩ፤ ጓደኛ ነበራቸው፤ ደመወዝም በጊዜው ይመጣ ነበር።

ነገር ግን ያን ሲናገሩ ከተቀመጡበት ቀና ማለት የማይችሉ አሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለወንጂ ሠራተኞች ከተቈፈሩት ጉድጓዶች ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ነበሩ። ይህ ውሃ የልጆችን ጥርስ ያጠይማል፤ ብዙ ዓመት የጠጣውንም ሰው አከርካሪና መገጣጠሚያ ያደርቃል፤ አንገት መዞር፥ ወገብ መታጠፍ እምቢ ይላል። ሐኪሞች ነገሩን መርምረው ከጻፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። የሚገርመው ይህ ነው፤ የአገዳ ቆራጩ ልብ ዘመኑን ይቅር ብሎታል፤ አጥንቱ ግን አልረሳም። ልብና አጥንት በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ዐይነት ምስክር ሲሰጡ የትኛው ይታመናል? ዳኛ ቢሆን አጥንቱን ያምናል፤ ንስሐ አባት ቢሆን ልቡን ያዳምጥ ይሆናል። ጐረቤትና መንግሥት ግን ሁለቱንም መስማት አለባቸው። ሽማግሌው «ደግ ነበር» ማለቱ ለራሱ ዕረፍት ነው፤ ውሃውን ሳያጣራ ላጠጣው ግን ምስክር ወረቀት አይሆንም።

በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈውን እዚህ ላይ ማንሣት አግባብ ነው። እስራኤል ከግብፅ ባርነት ወጥተው ገና ብዙ ሳይቈዩ በምድረ በዳ አለቀሱ፤ ያለቀሱትም በግብፅ በነጻ ይበሉት ስለ ነበረው ዓሣ፥ ስለ ዱባውና ስለ ሽንኵርቱ ነው። ጅራፉንና ጡቡን አላነሡም። በመቂና በዝዋይ ገበያ የሽንኵርት ክምር አጠገብ ቆሞ ይህን ምዕራፍ የሚያስብ ሰው ሳይሥቅ አይቀርም፤ ሰው ለካ ባርነቱንም በወጥ መዓዛ ያስታውሰዋል! ስለዚህም ይመስላል በኦሪት ዘዳግም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ደጋግሞ የታዘዙት። ትእዛዙ ሕመሙን እንዲያድሱ አይደለም፤ ያስቡት የተባለው ለመጻተኛውና ለአገልጋዩ እንዲራሩ ነው። ሽንኵርቱን ብቻ ያስታወሰ ሰው ወደ ፈርዖን መመለስ ይመኛል፤ ጅራፉን ብቻ ያስታወሰ ደግሞ እርሱ ራሱ ጅራፍ ያነሣል።

ሕመሙ ጠፍቶ ነገሩ ሳይጠፋ የቀረበት አንድ መልካም አብነት በኢትዮጵያ አለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ዳኑ፤ ከከተማው ሕዝብ ግን ብዙ ሺህ አለቀ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ ጅብ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቤትና ደጅ ይጠረጋል፤ ቍሻሻው ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጢሱን እየዘለለ የሚጫወት ልጅ ስለ ሞቱት አያለቅስም። ሊያለቅስም አይገባውም። ይሁን እንጂ ደጁ ተጠርጓል። ከዚያ ቀደም ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. በከብት በሽታ ምክንያት የደረሰው ረኃብ ደግሞ ሌላ ስም ሳያስፈልገው «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። በሬ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። በስምጥ ሸለቆ ከብት አርቢዎች ዘንድ ያ ዘመን ምን ያህል እንደ መረረ ማሰብ አያዳግትም፤ ለእነርሱ ከብት መብልም፥ ጥሎሽም፥ ክብርም ነውና።

እነዚህ መቶ ዓመት የሞላቸው ናቸው። ትናንት የደረሰውስ? ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ፥ በዝዋይ፥ በአርሲ ነገሌና በሌሎች ከተሞች ሰው ሞተ፤ ቤት፥ ሱቅ፥ ሆቴልና ትምህርት ቤት ተቃጠለ። ከሞቱት ከ160 የሚበልጡ ሰዎች አንዳንዶቹ በጸጥታ ኃይል ጥይት፥ አንዳንዶቹ በጎረቤት ዱላና ገጀራ ወደቁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ኦሮሞዎች በአዳማ ዳርቻ ቤት ተሠርቶላቸው ሰፍረው ነበር፤ እነርሱም የራሳቸውን እሳት ይዘው የመጡ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ «ያለፈው አልፏል፤ ይረሳ» የሚል ምክር በየጊዜው ይሰጣል። መካሪው ብዙ ጊዜ ቤቱ ያልተቃጠለበት ነው። ምክሩ በክፋት ላይሰጥ ይችላል፤ ሰላም ወዳድነት ነው። ነገር ግን የሌላውን ሰው ቍስል ሽሮልሃል ብሎ መናገር የሌላውን ሰው ዕዳ ተከፍሏል ብሎ ደረሰኝ እንደ መቍረጥ ነው። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ራሱ «ተወው፤ አልፏል» ያለ ጊዜ ቃሉ ታላቅ ነው፤ ያንኑ ቃል የቀበሌ ሹም ወይም አቃጣዩ ቢናገረው ባዶ ነው፤ ከባዶነትም አልፎ ሁለተኛ ውጋት ይሆናል። የተቃጠለው ሱቅ ተሠርቶ በሩ ቢከፈትም፥ የባለሱቁን ታሪክ ተቀምጦ የሰማው ሰው ካልተገኘ፥ መርማሪዎቹ እንዳሉት ትዝታው ሳይለዝብ ይከርማል።

የዮሴፍ ነገር ይህን ሁሉ ያሳያል። ወንድሞቹ ሸጡት፤ በግብፅም ታሰረ፤ ከከበረ በኋላ ግን የበኵር ልጁን ስም ምናሴ አለው፤ ትርጓሜውም ድካሙን ሁሉ እግዚአብሔር እንዳስረሳው የሚያሳይ ነው። ልብ ማለት የሚገባው፥ ይህን ስም ሲያወጣ ወንድሞቹ ገና አልመጡም። ማንም አልመከረውም፤ ማንም እርሳ አላለውም። በኋላ ሲመጡም ዝም ብሎ አልተቀበላቸውም፤ ታናሹን ብንያምን እንደ እርሱ አሳልፈው ይሰጡት እንደ ሆነ ፈተናቸው፤ ይሁዳ በታናሹ ፈንታ ባሪያ ልሁን ባለ ጊዜ ግን ሊታገሥ አልቻለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያዕቆብ በግብፅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። ወንድማማቾቹ በአንድ አገር ከብት አረቡ፤ ልጆቻቸው አብረው አደጉ። ያዕቆብ በሞተ ጊዜ ግን ወንድሞቹ ፈሩ፤ ዮሴፍ ቂሙን ይመልስብናል ብለው መልእክተኛ ላኩ፤ የአባታቸውንም ኑዛዜ መከታ አደረጉ። በዚህ ስፍራ የአገሬው ምሳሌ ተገልብጦ ይገኛል፤ የተወጋው ረስቶ ሳለ የወጉት ግን ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሱም። መልእክቱ በደረሰው ጊዜ ዮሴፍ እንደ ገና አለቀሰ። መጽሐፉ ስለ ምን እንዳለቀሰ አይናገርም። ምናልባት አብረውት ማዕድ በቀረቡባቸው በነዚያ ዓመታት ሁሉ ይፈሩት እንደ ነበር ያን ቀን ገና ዐውቆ ይሆናል።